የግራዋ ብሎን

«ሀሌሉያ፣ አባትሽ አጠገብሽ ነው?»

እናቷ ሶስና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የደወለችው። ሀሌሉያ መኪናዋ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው አንዲት ረጅም ብሎን ጨብጣለች። አንገቷን አዙራ የአባቷን ጫማ ፈለገች። የለም፤ ውሃ ሊጠጣ ወደ ቤት ገብቷል።

«የለም። ምነው እማዬ?»

«ስሚኝ፤ እንዳትጮኺ። ጋሼ ውባየሁ ሆስፒታል ነው። ትናንት ሥራ ቦታ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። በማሽን ነው የሚተነፍሰው።»

ጋሼ ውባየሁ የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው። የሚኖረው ናሽቪል ነው፣ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ርቆ። ጉድ እኮ ነው፤ አባቷ ወንዳፍራሽ ከጠዋት ጀምሮ በዚች አሮጌ መኪና የሙጥኝ ያለው ዛሬውኑ ጨርሶ ወደዚያው ወንድሙ ቤት ሊነዳት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልረገጠውን ቤት ሊረግጥ የቆረጠው ለዛሬ ነው።

ሶስና የቀረውን በጥድፊያ ነገረቻት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ትናንት ማታ ተነጋግረዋል። ወንዳፍራሽ ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገረዋል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ታደገ ራሳቸው ቫን ይዘው ይወስዱታል። ልቡ ላይ ሁለት የደም ሥር መክፈቻ ስቴንት ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ፣ ብቻውን መሪ ጨብጦ ሀይዌይ ላይ ቢወጣ ምን ይኮናል? ሐኪሞቹም እስከ ሰኞ እንጠብቃለን ብለዋል፤ ጊዜ አለ። ሶስና ወደ ሥራ ስትወጣ የወንዳፍራሽን ስልክ በስህተት የወሰደች አስመስላ ይዛበት ሄዳለች። ቶዮታውንም የያዘችው እሷ ናት። ሊሄድባት የሚችለው ይቺው አሮጌ መኪና ብቻ ናት።

«ዛሬ እንዳታልቅ» አለች ሶስና። «እንዴት እንደምታደርጊ አላውቅም። ብቻ ዛሬ እንዳታልቅ። እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ» አለች ሀሌሉያ።

የቀረው ሥራ የሩብ ሰዓት ነበር። ሞተሩ ሻንሲው ላይ የሚያርፈው ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት የብረትና የጎማ ትራሶች ላይ ነው፤ ማውንት ይሏቸዋል። የቀኙን ትናንት አስረው ጨርሰዋል። የግራውም ቦታውን ይዟል፤ የሚቀረው ረጅሟን ብሎን ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ ዳዶዋን ማጥበቅ ነው። ሀሌሉያ ብሎኗን አየቻት። የአባቷ ጫማ ከበሩ ብቅ ሲል የሁዲ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

መኪናዋ ዳማ ትባላለች። የ1968 ሞዴል፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለችውን ማስል ካር ይሏታል፤ ጡንቻ አላት ለማለት ነው። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሚመስል ስሙን ያወጡላት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ከሱዳን ስደት ወደ አሜሪካዋ ክላርክስተን ከተማ በመጡ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ አንድ ሰውዬ ጓሮ ቅጠል ተከምሮባት አግኝተው አብረው ገዟት። ሁለቱም ሱዳን ሳሉ ገዳሪፍ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ስለሠሩ እጃቸው ብረት ያውቃል። የሀሌሉያ የመጀመሪያ ፎቶ እንኳ ዳማ ኮፈን ላይ የተነሳችው ነው፤ ጋሼ ውባየሁ ከኋላ እንዳትወድቅ ደግፏት።

ዳማ ኃይለኛ ናት፣ ጠባይዋም አስቸጋሪ ነው። ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሩ በግራ በኩል ብድግ ይላል። የግራው ማውንት ካረጀ ደግሞ ጎማው ከብረቱ ተገንጥሎ ሞተሩ ከመቀመጫው ይነሳል። ለዚህ ነው ሀሌሉያ ማውንቶቹ የሚታሰሩባቸውን ብረቶች ትምህርት ቤት፣ መኪና ጥገና የሚማሩበት አውቶ ክላስ ወስዳ በወፍራም ላሜራ አስበይዳ ያጠናከረቻቸው። አባቷ በበኩሉ በገዳሪፍ ልማድ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በአጭር ሰንሰለት አስሮታል፣ ብድግ ሊል ሲል እንዲይዘው። ወገቡ ስለማይታጠፍለት መኪናዋ ሥር የምትገባው እሷ ናት። እሱ ቁልፍ ያቀብላል፣ ይመክራል፣ ይነዘንዛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ አብረው መዋል ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ሀሌሉያም ለማንም አትናገረው እንጂ ከሳምንቱ ሁሉ የምትወደው ቀን እሱን ነበር።

«አለቀች?» አላት ጎንበስ ለማለት እየሞከረ።

«ብሎኗን ስጠኝ እንጂ።»

«የቷን?»

«የግራዋን። ቅድም አቀብዬህ ነበር እኮ።»

ውሸቱ ከአፏ የወጣበት ቅለት ራሷን አስደነገጣት። ወንዳፍራሽ ግን አልተከራከረም። መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ የሚያምስ፣ የቤት ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ረስቶ ያገኘ ሰው ነው። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈርደው በራሱ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ሲጠፋ እንኳ «የት ጥያት ይሆን እኔ ደነዝ» ነበር ያለው።

ኪሶቹን ፈተሸ። የዕቃ ሣጥኑን ገልብጦ አንድ በአንድ ለቀመ። ሀሌሉያ ተኝታበት የነበረውን ካርቶን አነሳ፣ በመጥረጊያ የመኪናዋን ሥር ጠረገ። ከዚያ በተሰበረ ወገቡ መከላከያውን ተደግፎ ተንበረከከና በእጁ ሲሚንቶውን ይዳብስ ጀመር። ሲንበረከክ የሚያቃስተውን ሰማች። «ተው አባዬ፣ እኔ እፈልጋለሁ» አለችና እሷም ተንበርክካ መፈለግ ያዘች፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ነገር መሬት ላይ። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ራሷን ጠልታ አታውቅም።

በእሷ ስልክ መለዋወጫ ሱቅ ደወሉ። ለእንዲህ ያለች መኪና የተሠራው ብሎን እጃቸው ላይ የለም፤ ካዘዙ ማክሰኞ ይደርሳል። ሀሌሉያ ዝም ብትል የሚነቃባት መስሏት፣ ሃርድዌር ስቶር ልኩ የሆነ ሌላ ብሎን አይጠፋም አለችው።

«አይሆንም» አለ ወንዳፍራሽ። የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።»

ከዚያ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገራት።

የአደጋውን ታሪክ ሀሌሉያ የምታውቀው ሰው ሁሉ እንደሚያወራው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ የመስቀል ሰሞን፣ ጋሼ ውባየሁ ዳማን ይነዳል፤ አባቷ አጠገቡ ተቀምጧል። ሀይዌይ ሊገቡ ሲሉ መኪናዋ አልመለስ አለችና ከምሰሶ ጋር ተላተመች። የአባቷ ወገብ ተሰበረ። ጋሼ ውባየሁ ነዳጁ ተያዘብኝ ቢል ማን ሰምቶት። እንደ ጎረምሳ ረግጦ ወንድሙን አሰናከለው ተባለ።

ወንዳፍራሽ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነበር የሚያወራው። ያኔም የግራው ማውንት አርጅቶ ነበር። አዲስ አዘዙ፣ ዘገየ። ለመስቀል ዳማን ይዘን እንመጣለን ብለው ለሰው ሁሉ አውርተው ነበርና ወንዳፍራሽ ቸኮለ። የመኪና መቃብር ሄዶ ከአንድ የተጣለ መኪና አሮጌ ማውንት ፈታ፣ አጥቦ ጥቁር ቀለም ረጨበትና ገጠመው። ለወንድሙ አዲሱ መጣ አለው። ጋሼ ውባየሁ ሀይዌይ ሲገባ ነዳጅ ሰጠ፤ ጎማው ተገነጠለ፤ ሞተሩ ሲነሳ የነዳጁን ዘንግ ይዞት ተነሳ።

«እግሩን አንስቶ ነበር» አለ ወንዳፍራሽ። «በዓይኔ አይቻለሁ። እግሩን አንስቶ ነበር፤ መኪናዋ ግን ትከንፋለች።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ ጋሽ ታደገም ነበሩ። ታላቄ ሰው ሁሉ እያየ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩት። እኔ፣ እሱን፣ ይቅር አልኩት።»

ከአፉ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ። ሳቅ ግን አልነበረም። ጋሼ ውባየሁ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡን ይዞ ናሽቪል ገባ። ከአደጋው ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ አውቶቡስ ነበር የሚሳፈረው። ልጁ ኤልያብ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሥራ የሚያደርሰው እሱ ሆነ። አንድ ክረምት ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ ያን የሚያክል ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲመጣ ሀሌሉያ አይታው ፈሪ ነው ብላ በልቧ ስቃበት ነበር።

«ዛሬ የዳማን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀምጬ ልነግረው ነበር» አለ ወንዳፍራሽ። «እንደምመጣ ሳይሰማ ነበር የምደርስበት። አየሽ፣ እግዜርም ብሎኗን ወሰደብኝ። አሁን ለአንተ ስለተመቸህ ብቻ ተነስተህ አትሄድም ሲለኝ ነው። በቃ፣ ለገና እሄዳለሁ።»

ተነስቶ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ሀሌሉያ ወደ ጓሮ ዞር ብላ ለእናቷ ጻፈች። «እማዬ ልንገረው? ፕሊዝ።» መልሱ ወዲያው መጣ። «ብቻውን ሳለ አንድ ነገር ቢሆንብን ምን እናደርጋለን? ጋሽ ታደገ ነገ ይነግሩታል። ዝም በይ የኔ ልጅ።» ስልኩን ሳትከተው ኤልያብ ከናሽቪል ጻፈላት።

«ፋዘርሽ እየመጣ ነው?»

«ነገ» ብላ መለሰች።

«ኦኬ። አባዬ ጣቱን አንቀሳቀሰ። ላይክ፣ ትንሽ። ግን አይ ስዌር አይቻለሁ።»

ብሎኗ ሆዷ ላይ ከበደቻት። ማውጣቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታውቃለች። ካርቶኑ ሥር አገኘኋት ብትለው ደስ ብሎት ጥያቄም አይጠይቃትም። በሩብ ሰዓት ዳማ ትነሳለች። ግን ከዚያ በኋላ ያለው መጣባት፤ አባቷ ብቻውን፣ ያለ ስልክ፣ ሁለት ስቴንት ይዞ፣ እያለቀሰ ሀይዌይ ላይ። ፈራች። ደግሞም ጊዜ አለ ተብሏል፤ ነገ ጋሽ ታደገ ይወስዱታል፤ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ወንድሙ ራስጌ ይቆማል። ይህን ሲነግሯት ማንም አልዋሻትም፤ ሁሉም አምኖበት ነበር። ገባችና ሁዲዋን አውልቃ ልብስ ማጠቢያው ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእናቷ ቶዮታ መጥቶ ቆመ። ሶስና ግን አልወረደችም። ሀሌሉያ በወጥ ቤቱ መስኮት ስታያት ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። የሐኪሞቹ ሰኞ አልደረሰችም፤ የጋሼ ውባየሁ ልብ ማሽኑ እንደተሰካ በራሷ ጊዜ ቆማለች።

ሶስና ፊቷን ጠራርጋ ገባች። ስልክህን በስህተት ይዤው ሄጄ፣ ባትሪውም ሞቶ አለችው። እራት አቀረበችለት። ወንዳፍራሽ ስለ ጠፋችው ብሎን እየቀለደ በደንብ በላ። ሀሌሉያ ሆዴን አመመኝ ብላ ክፍሏ ገብታ ትራሷን ነከሰች።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻም አይነገርም። ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ከሚኖሩበት ከፓይን ሌክ ሰፈር ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። በሮች ቀስ ተብለው ሲዘጉ ሀሌሉያ አልጋዋ ላይ ሆና ቆጠረች፤ ሰባት። አባቷ ለቤተ ክርስቲያን እየለባበሰ ነበር። በሩን ከፍቶ ጋሽ ታደገን ከፊት፣ ሴቶቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ሲያይ እጁ ሸሚዙ ቁልፍ ላይ ቀረ።

«ማን ነው?» አለ። «ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።»

«ውባየሁ አርፏል» አሉት ጋሽ ታደገ። «ወንድምህ አርፏል፣ ወንዳፍራሽ።»

ከአባቷ የወጣው ድምፅ ሀሌሉያ የማታውቀው ድምፅ ነበር። ደረቱን ሲመታ ሁለት ሰው እጁን ያዙት። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ተነስቶ ይጮህ ጀመር። ሀሌሉያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ እሷ ቀድማ ስላለቀሰችው ይሁን በሌላ፣ እንባዋ አልመጣ አላት።

ትንሽ ሲረጋጋ ሁሉንም ነገሩት። ዓርብ እንደወደቀ፣ ዛሬ ሊነግሩት እንደነበር፣ ቫኑ እንኳ እንደተዘጋጀ። ሀሌሉያ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ፣ ቢያባርራቸው ደስ ባላት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ለእኔ አስባችሁ ነው» አለ። ከዚያ የተናገረው ነው የባሰባት።

«እናንተማ ለዛሬ አላችሁ። እኔ ግን ትናንት ተነስቼ ነበር። ሳላውቅ፣ እግዜር ራሱ ቀስቅሶኝ። እኩለ ቀን ላይ ብወጣ ሳይመሽ ራስጌው እደርስ ነበር። አንዲት ብሎን ጠፋችብኝ። ዕቃ የማይረጋበት እጅ አለኝ፤ ወንድሜን አስቀረኝ።»

ለቅሶ ቤት ሰው በገባ ቁጥር ነገሩ እንደ አዲስ ይነገራል። አዲስ የመጣው አልቅሶ ሲያበቃ ይቀመጥና እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል፤ ሐዘንተኛውም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወንዳፍራሽ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ሳይነሳ እሑድን ሙሉ ሲናገር ዋለ። የማውንቱን ነገር አይናገርም፤ ከሀሌሉያ በቀር ማንም እንደማያውቀው ቀረ። ብሎኗን ግን አይዘላትም። ሀሌሉያ የውሃ ትሪ ይዛ በሄደችበት ሁሉ ትከተላታለች። ሰዎቹ ቀኑ ደርሶ ነው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ይሉታል። እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

ማምሻውን ሶስና ልብስ ልታጥብ ሄዳ ተመለሰች። የሀሌሉያን ክፍል ዘጋችና መዳፏን ከፈተች። ብሎኗ ነበረች።

ሀሌሉያ አልካደችም። እሷው ደብቃ፣ እሷው አቀብዬሃለሁ ብላ እንደዋሸች፣ ሁሉንም ነገረቻት። ሶስና አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «በእኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «እንዳታልቅ አድርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ደም ግፊት፣ ልብ፣ መንገድ እያልን ስንፈራ...» አልጨረሰችውም።

«ልንገረው እማዬ።»

«አሁን? ስብራቱ ላይ ልትጨምሪበት? ሰው በሆነ ባልሆነው ራሱን ይወቅሳል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ዓመቱ ይለፍ። ሆድ ይፍጀው ይባላል የኔ ልጅ።» ግንባሯን ሳማትና ብሎኗን ይዛ ወጣች።

ሀሌሉያ ልትስማማ ፈልጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈልጋ ነበር። እናቷ ትልቅ ሰው ናት፤ ታውቃለች። አባቷ ደግሞ የቀረው ዘመድ ጥቂት ነው፤ በዚህ ላይ በልጁ መታለሉን ቢሰማ በማን ላይ ሊደገፍ ነው? ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜስ? ከአሁን በኋላ ቁልፍ ሲያቀብላት እጇን እያየ ቢሆንስ?

ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከሥራ በኋላ ከአጎራባቾቹ ከተሞች፣ ከብሩክሄቨንም ከኬኔሶም ሰው ይጎርፍ ጀመር። ታሪኩም አደገ። እሑድ ጠዋት «ብሎን ጠፋችብኝ» ነበር። ሰኞ ከሰዓት «በገዛ እጄ ነው ያጣሁት» ሆነ። አንዲት ሴትዮ በሩ አጠገብ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሀሌሉያ ሰማቻት። «ምስኪን፣ ድሮም ዕቃ አይረጋበትም። ይኸው ለወንድሙም ሳይደርስ ቀረ» አለች ሴትዮዋ። ክፋት የላትም። ሌላዋም ከንፈሯን መጠጠች።

የሀሌሉያ እግር ባለበት ቀረ። ጋሼ ውባየሁ ላይም እንዲሁ ነበር የተባለው፤ በር አጠገብ፣ በለሆሳስ፣ ክፋት በሌለው አፍ። እንደ ጎረምሳ ረግጦ። ስድስት ዓመት ሙሉ ተባለ፣ እሱም ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ አለፈ። ነገ ደግሞ ሁሉም ለቀብሩ ናሽቪል ይሄዳሉ። አባቷ እዚያም ይነግራቸዋል። ኤልያብ ይሰማዋል፤ እትዬ አሰፋሽ፣ የጋሼ ውባየሁ ሚስት፣ ትሰማዋለች። የናሽቪል ሰው ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል?

በሩ ተከፈተና ሌላ ቡድን እያለቀሰ ገባ። ወንዳፍራሽ ተነስቶ አብሮ አለቀሰ። ወገቡን ይዘው አስቀመጡት። ከገቡት አንዱ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። አባቷ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ከዓርብ ጀመረ።

ሀሌሉያ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከወጥ ቤቱ በር ሶስና እያየቻት ነበር፤ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፣ ተይ እንደማለት። ሀሌሉያ አየቻት፤ ግን አልቆመችም። በተቀመጠው ሰው እግር መሀል አልፋ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከች። አባቷ በትረካው ቅዳሜ ጠዋት ላይ ደርሶ ነበር።

«አባዬ፣ ይቺን እኔ ልንገራቸው» አለችው።

ወንዳፍራሽ የደከመ ዓይኑን አነሳ። ልታሳርፈው ያሰበች መስሎታል። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ «ተባረኪ፤ ንገሪያቸው የኔ ልጅ» አላት። ያ ምርቃት ሊያስተዋት ምንም አልቀረው። ጋሽ ታደገ ከጥግ ቀና ብለው አዩዋት።

«ብሎኗ ከአባዬ እጅ አልጠፋችም» አለች። «ኪሴ ውስጥ ነበረች። ለእሱ አቀብዬሃለሁ ብዬ ዋሸሁት።»

የአባቷ እጅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ደረቀ፤ አልተነሳም፣ አልጨበጣትምም። ሀሌሉያ ዞራ ፊቱን ለማየት አልደፈረችም፤ ግን ከእናቷ የቅዳሜ ስልክ ጀምራ ሁሉንም በተራ መናገሯን ቀጠለች።